ከቤት ስንሠራ ለምን ዛልን? ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 16 ደግሞ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከቤት እንዲሠራ ተወሰነ። የኔ መሥሪያ ቤት የግል ቢሆንም ተከተለ። ላፕቶፔን አንጠልጥዬ፣ የመሳቢያዬን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። «ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው» ተባባልን። ከዓመት በላይ ቆየን።

የመጀመሪያው ሰሞን ሰርግና ምላሽ ነበር። ለሰርቪስ ብሎ በሌሊት መነሳት የለ፣ የታክሲ ሰልፍ የለ። በሦስተኛው ወር ግን ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት ሆዴ ይረበሽ ጀመር። ሁለት መስመር ኢሜይል ለመመለስ ግማሽ ሰዓት አፈጥበታለሁ።

ፈረንጆቹ «በርንአውት» ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በበሽታዎች ምደባው ውስጥ ሲያስገባው በሽታ ነው አላለም። በወጉ ሳይያዝ ከከረመ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነገር ነው አለ። ሦስት ምልክት አለው፤ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ «ብሠራስ ምን ዋጋ አለው» ማለት። እኔ ሦስቱንም አሟልቼ ነበር።

አሁን ዞር ብዬ ሳስበው ከሥራው በላይ ያደከመኝ እየሠራሁ መሆኔን ለማስመስከር ያደረግሁት ነገር ነው። ቢሮ ወንበርህ ላይ ከታየህ በቃ፣ ገብተሃል። ቤት ውስጥ ግን ማን ያይሃል? ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚችው ጭንቀት የተወለዱ ናቸው።

ማታም «አለሁ» ማለት

አለቃዬ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ይጽፉልኛል። እኔ በቀኝ እጄ እራቴን እየበላሁ በግራ እጄ እመልሳለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ብዘገይ «ተኝቶ ነው» የሚሉኝ እየመሰለኝ ነው። ከዚያ እሳቸውም ለመዱት። አልፈርድባቸውም፤ ቶሎ የሚመልስ ሰው ካገኙ ምን ቸግሯቸው ይተዉታል?

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ከፍ ይላል። 55 ሰዓት ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ቁጭ ብዬ የኔን ስደምር 60 አለፈ።

የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው አሠሪው በግልጽ ሲያዝ ነው፤ ሲሠራም ይከፈልበታል። እንግዲህ ማንም ሳያዘኝ በግራ እጄ የሠራሁትን ሕጉም አያውቀው፣ ሒሳብ ክፍልም አይከፍለው።

የረዳኝ ይቺ መልስ ናት፦ «አይቼዋለሁ፤ ጠዋት 2፡30 ላይ እጀምረዋለሁ። አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ።» በማታ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። የሚደውል ግን የለም ማለት ይቻላል።

አለቆቻቸው ዋሽንግተን የሆኑ ጓደኞቼ ጣጣቸው ሌላ ነው። እነዚያ ምሳ በልተው በእነሱ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ ሲሰበሰቡ፣ በበጋቸው ወራት እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እንዲህ ያለው ሰው የጠዋት መግቢያውን አስፈቅዶ ወደኋላ ይግፋ። ሁለቱንም ጫፍ ይዞ የዘለቀ አላየሁም።

የመብራትን ዕዳ መክፈል

ይሄኛው የኛ አገር ስህተት ነው። መብራት ከቀኑ 8 ሰዓት ሄዶ 11 ሰዓት ላይ ይመጣል። የኔ ቢጤው ሦስቱን ሰዓት እንደ ብድር ቆጥሮ ከእራት በኋላ ሊከፍል ይቀመጣል። ቢሮ ሳለን መብራት ሲሄድ ምን እናደርግ ነበር? ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በረንዳ ወጥተን እናወራለን። የበረንዳውን ሰዓት አካክሱ ያለን ሰው አልነበረም።

ዳታውም እንደዚሁ። ሦስት ወር ሙሉ ፓኬጅ ከኪሴ ገዛሁ፤ መጠየቅ አፍሬ። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ብጠይቅ በሁለት ቀን ተፈቀደ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ጊዜው የሐዘንና የረብሻ ነበር። መቋረጡ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ሲመለስ የኛ ቡድን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሦስት ሳምንቱን ሥራ በአንድ ሳምንት እንጨርስ ብሎ ተማማለ። ጨረስንም። ነሐሴ ሳያልቅ ሁለት ልጆች ሥራ ለቀቁ። ከጨረስነው ሪፖርት ግማሹ ጊዜው ያለፈበት ስለነበር ያነበበው የለም። መጀመሪያ ዝርዝሩን ከልሰን የማያስፈልገውን ብንሰርዝ ኖሮ ሥራው ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነበር።

አሁን መብራት ሲሄድ ሰዓቱን ለቡድኑ እጽፋለሁ። ያልደረሰው ሥራ ለነገ ይተላለፋል። እኔም ወደ በረንዳዬ።

ስልክ የሚበቃውን በዙም

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 እ.ኤ.አ. የቪዲዮ ስብሰባ የሚያደክምበትን አራት ምክንያት ጽፈዋል። የሰው ፊት ከልክ በላይ ቀርቦ ማፍጠጡ፣ የራስን ፊት ሲያዩ መዋል፣ ከወንበር አለመነቃነቅ፣ ድሮ በቅንድብ የምንግባባውን ሁሉ አጋንኖ ማሳየት። እኔ አምስተኛ ልጨምር፦ «ይሰማል?»። ከአንድ ሰዓት ስብሰባ ሩቡ «ይሰማል? ተቆራረጠ፣ እስቲ ድገሚው» ነው። የሁለት ሰው ጉዳይ በስልክ ያልቃል፤ ስልክ እያወሩ ግቢ ውስጥ መንጎራደድም ይቻላል።

«ቤት ነው ያለው» ሲባል ዝም ማለት

አክስቴ በየጠዋቱ «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሥራ አልገባህም?» ይሉኛል። እየሠራሁ ነው እላለሁ። «እሺ፣ እንግዲያው ሽንኩርት ገዝተህ ና» ይላሉ። አይፈረድባቸውም፤ በእሳቸው ዘመን ሥራ ማለት ከቤት ወጥቶ መሄድ ነው።

እኔ በሽንኩርት ተገላገልኩ። የሥራ ባልደረቦቼ የሆኑ እናቶች ግን የባሰ ነበር ያገኛቸው። ልጁ ቤት ነው፣ የልጁ ትምህርት በቴሌግራም ይመጣል፣ ምሳ ይጠበቃል፣ ሠራተኛዋ ወደ አገሯ ሄዳለች። አንዷ ሥራዋን የምትጀምረው ቤቱ ሲተኛ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር «አልቻለችም» የሚሏት መስሏት።

ንግግር ካልሠራ ምልክት ይሞከር። እኔ ጫማ ማድረግ ጀመርኩ። የቢሮ ጫማዬን ካደረግሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሳወልቅ የቤት ሰው ነኝ። አክስቴ ሳቁብኝ፤ ግን ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ከማዘዛቸው በፊት እግሬን ያያሉ።

«የት እሄድበታለሁ?» ብሎ ዕረፍት ማስቀመጥ

አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል። በዚያ ዓመት አብዛኞቻችን አልነካነውም። መንገድ የለ፣ ሰርግ የለ፣ ምን ሊደረግበት? እኔ በመጨረሻ ሦስት ቀን ወስጄ ምንም ሳልሠራ ተኛሁ። ቴሌግራሙን ግን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዕረፍት አይባልም።

ጭንቀትን በዌቢናር ማከም

ይቺ ለአለቆች ናት። ቅዳሜ ጠዋት «ጭንቀትን መቋቋም» የሚል የሁለት ሰዓት ስልጠና ተጠራን። መገኘት ግዴታ ነው፣ ካሜራም ይከፈት ተባለ። ተጨማሪ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሐዘንን ድካም ነው ብሎ ማለፍ

በዚያ ሰሞን ከድካም ለይተን ያላየነውም ነገር አለ። አንድ ባልደረባችን አባቱን አጣ። መሰባሰብ ስለተከለከለ ድንኳን አልተተከለም። እኛም በስልክ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አልነው። በሦስተኛው ቀን ሪፖርቱን ላከ፤ እኛም «እናመሰግናለን» ብለን መለስን።

ቢሮ ብንሆን በሰርቪስ ተጭነን እንሄድ ነበር። ያዋጣነውን በፖስታ እንሰጣለን፣ ንፍሮ ቆርጥመን፣ አንድ ሁለት ሰዓት አጠገቡ ዝም ብለን እንቀመጣለን። እሱ ያጣው ይሄን ነው። ከወራት በኋላ ሥራው ሲበላሽ «ምን ነካው፣ ሰነፈ» ተባለ። በርንአውት ነው ያለም አልጠፋ። ማንም ስለ አባቱ አልጠየቀውም፤ እኔም ጭምር።

ቢሮ ተመልሰን የገባን ቀን ሰርቪስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ማስክ አድርገናል፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ስለ አባቱ ጠየቅሁት። መሥሪያ ቤት እስክንደርስ ሲያወራ ነበር። ስንወርድ ስልኬን አየሁት፤ አለቃዬ ሦስት መልእክት ልከዋል። ኪሴ ከተትኩትና ቡና ልንጠጣ ሄድን።