የሰፈራችሁን አሰልጣኝ ለአገር አቀፍ የስፖርት ሽልማት እንዴት ትጠቁማላችሁ?

ሀዋሳ ላይ በጠዋት የሚወጣ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ሜዳ በተገኘበት ልጆች ሰብስበው፣ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ያለ ደሞዝ የሚያሰለጥኑ ሰዎች ናቸው። ለስፖርት ባለውለታዎች ሽልማት ጥቆማ ሲከፈት ግን ስማቸው አይነሳም። ያልሠሩ ሆነው አይደለም፣ ጽፎ የሚያስገባላቸው ሰው ስለሌለ ነው። ይሄ በጣም ይቆጨኛል። እናም እንዴት እንደሚዘጋጅ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መስፈርቱን አንብቡ። እንደ በጎ ሰው ሽልማት ከሕዝብ ጥቆማ የሚቀበል አለ፤ በተቋም በኩል ካልመጣ የማያይም ሊኖር ይችላል። የዘንድሮው ዘርፍ ስፖርትን ይጨምራል? ማስገቢያው መቼ ያበቃል? በሕይወት የሌለ ሰው ይታጫል? ይህን ሳታረጋግጡ ወረቀት አትጀምሩ።

ቀጥሎ ሰውየውን ጠይቁ። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ «ተዉ እባካችሁ፣ እኔ ምን ሠራሁ» ይላሉ። «ጋሼ፣ ለልጆቹም እኮ ነው» ስትሏቸው ይለዝባሉ። እግረ መንገዳችሁን መታወቂያቸውን እዩና ስማቸውን እስከ አያት እዚያ ላይ እንዳለው ጻፉ። አንዱ ደብዳቤ ላይ በሀሌታው ሀ፣ ሌላው ላይ በሐመሩ ሐ ከተጻፈ ሁለት ሰው ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለአስተዋፅኦ የሚሰጥ ሽልማት የእጩውን ሜዳሊያ ብቻ አይቆጥርም። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን አስቡ። በቆጂ ላይ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ገና በልጅነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። የእሳቸው ሥራ የሚታየው ሌሎች አንገት ላይ ነው። የእናንተም እጩ እንደዚያው ሊሆን ስለሚችል፣ ምን አሸነፉ ከማለት ይልቅ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ሰፈሩ ውስጥ ምን አልነበረም፣ ዛሬስ ምን አለ የሚለውን ጻፉ።

«ለስፖርቱ እድገት ከፍተኛ አስተዋፅኦ ያበረከቱ ታላቅ ባለውለታ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት። ለማንም ሊባል ይችላል። «በሰፈሩ የሴቶች ቡድን አልነበረም፤ በዚህ ዓመት በራሳቸው ኳስ ጀመሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ልጆች እገሊት ክለብ ገባች፣ እገሊት ዛሬ ዳኛ ናት» ብትሉ ግን የሽልማቱ ዳኞች ደውለው ማጣራት ይችላሉ። የሚያጣሩት ነገር ስጧቸው።

«እሳቸው ያፈሯት» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁባት። ሎዛ አበራን ውሰዱ። ዱራሜ ተወልዳ፣ ለሀዋሳ፣ ለደደቢት፣ ለአዳማ ተጫውታ ነው ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ የተሰለፈችው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ስንት አሰልጣኝ አለ! እናም «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ ቡድን አሰልጥነዋታል» በሉ። እውነቱ ትንሽ ቢመስልም አይፈርስም።

እጩው ብዙ ነገር ሠርተው ከሆነም አትቀላቅሉት። ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳውን ብሔራዊ ቡድን አሰልጥነዋል፣ ከ1972 እስከ ሞቱበት 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርተዋል። ሦስት ሥራ፣ ሦስት አንቀጽ፣ እያንዳንዱ ከነዓመቱ።

ዓመት ካነሳን፣ ብዙ ፋይል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ተለይተው ካልተጻፉ የሰውየው ታሪክ ሰባት ስምንት ዓመት ይንሸራተታል። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ከፈረንጁ 8 ቀንሱ፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማብቂያ 7። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። በማግስቱ ቢሆን ኖሮ 1953 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሀዋሳ ከተማ ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳባቸው 1996 እና 1999 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንጁ 2004 እና 2007 ናቸው። እጩአችሁ ያኔ ክለቡ ውስጥ ከነበሩ ሁለቱንም አቆጣጠር አስፍሩ።

ማስረጃ። ከትምህርት ቤት፣ ከክለብ ወይም ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የምታመጡት ደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ክብ ማህተምና የፈራሚው ቲተር ይኑረው። ማህተም የሌለው ወረቀት ስንት ቢደክምበት ወረቀት ነው። ምስክር ሁለት ሦስት ይበቃል፦ የቀድሞ ተጫዋች፣ ወላጅ፣ ከተቻለ ደግሞ የተቀናቃኝ ቡድን አሰልጣኝ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ተሸንፎም የሚያመሰግን ሰው የሚናገረው ይታመናል። አንድ ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ ለሁሉም አታስፈርሙ፣ ያስታውቃል። እያንዳንዱ በራሱ ቃል ይጻፍ፣ መጻፍ የማይችል ካለ ሲናገር ቀድታችሁ ገልብጡለት።

የድሮ ፎቶ ሀብት ነው። የስልክ ካሜራ ባልነበረበት ጊዜ የተነሱትን የቡድን ፎቶ ያስቀመጠ አንድ ልጅ አይጠፋም፤ በቴሌግራም ግሩፕ ጠይቁ፣ ስትቀበሉም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክላችሁ፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል። ማን ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሳ አብራችሁ ጻፉ። አንድ መግለጫ ያለው ፎቶ ስም ከሌላቸው ከብዙዎቹ ይሻላል።

ዋናው ጽሑፍ ከሁለት ገጽ አይለፍ፣ የቀረው አባሪ ይሁን። ሰውየውን ለማያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ ለሌላ ከተማ ጓደኛ፣ አስነብቡት፤ የጠየቃችሁን ሁሉ መልሱን እዚያው አስገቡ። በእጅ የምታስገቡ ከሆነ ኮፒው ላይ «ገቢ» አስደርጉ። ካላለፈ ፋይሉን አትጣሉት፤ በዓመቱ የተጨመረውን አክላችሁ፣ ስልክ የቀየሩ ምስክሮች ካሉ ቁጥራቸውን አስተካክላችሁ፣ እንደገና አስገቡ።