ጊታሩ አልያዝ ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ ለድሬ ጀማሪዎች

ድሬ ላይ ጊታር ጀምረው ከተዉት ልጆች መካከል እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ያቆሙት "ጣቴ አልቻለም" ብለው ነው። ጊታራቸውን አንስቼ ሳየው ግን ጥፋቱ የጣት ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ለዓመታት ከዚራ ቤቴ በረንዳ ላይ የሰፈር ልጅ፣ የዘመድ ልጅ፣ የጓደኛ ጓደኛ ጊታር ይዞ ይመጣል። አብዛኛው ከስልኩ ቪዲዮ እያየ ለብቻው የሚማር ነው። አጠገቡ "ጊታርህ ነው እንጂ አንተ ደህና ነህ" የሚለው ሰው የለም። ስለዚህ ራሱን ይወቅሳል። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደሱ ላሉት ነው።

መቃኘት እንደምትችሉ፣ የክሮቹን ስም እንደምታውቁ፣ የኮርድ ሥዕል ማንበብ እንደማያስቸግራችሁ ቆጥሬ ልጀምር።

ምልክት፦ ጣት ያቃጥላል፣ የኤፍ ኮርድ አልያዝ ይላል፣ ከኮርዱ ግማሹ ይታፈናል

ዋናው ይሄ ነው። የሚመጣልኝ ሁሉ ማለት ይቻላል ይሄን ይዞ ነው የሚመጣው። ምክንያቱ ደግሞ ክሩ ከፍሬቱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ከተደረደሩት አግዳሚ ብረቶች፣ በጣም መራቁ ነው። ሩቅ ክር ለመጫን ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበቱ ጣት ያቆስላል፣ ክሩንም ስለሚለጥጠው ድምፁን ያበላሻል።

ለመለካት የተለየ ዕቃ አያስፈልግም። የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፣ የየትኛውም ባንክ ይሁን። ቁጥሩ ያበጠበትን ሳይሆን ለጥ ያለውን ውሰዱ። ጊታሩን ቃኙ። ሦስት ካርድ ደራርባችሁ 12ኛው ፍሬት ብረት ላይ፣ ከወፍራሙ ክር ስር አስገቡ። ሦስቱ ክሩን ሳያነሱ ልክክ ብለው ከገቡ ወደ 2.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጊታሩ ደህና ነው። አራት ከገባ ይጫወታል፣ ግን ያደክማል። አምስት እንደ ልቡ ከገባ ጣታችሁን አትውቀሱ።

አንዲት የሳቢያን ልጅ ነበረች። አራት ወር ሙሉ ኤፍ ላይ ቆማለች። የግራ እጇን ጣቶች በፕላስተር ጠቅልላ መጣች። "እጅሽ ትንሽ ነው፣ ለጊታር አይሆንም" ብለዋታል። ካርድ ማስገባት ጀመርኩ። ስድስት ገባ። አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጊታር ላይ እኔም ኤፍ አልይዝም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠራንበት። ማታ ላይ ኤፍን ያዘች፣ ስድስቱም ክር ጠርቶ ወጣ። ምንም አላለችም። ዝም ብላ ደጋግማ መታችው። እናቷ "ልጄ የት ቀረች?" ብለው እስኪደውሉ ድረስ ከበረንዳው አልተነሳችም። አራቱ ወር እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥፋቱ የት እንዳለ የሚለየው አንድ ቀላል ፈተና አለ። የኤፍን አያያዝ እንዳለ ወደ 5ኛው ፍሬት ውሰዱት፤ ኤ ይሆናል። እዚያ በቀላሉ ከተያዘና ኤፍ ላይ ብቻ ከከበደ፣ ጥፋተኛው ነቱ ነው። ነት የምንለው አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ ፕላስቲክ ነው። 5ኛውም ላይ ያው ከሆነ አንገቱን ወይም ሳድሉን፣ በሆዱ በኩል ክሮቹ የሚያርፉባትን፣ ጠርጥሩ። ስትጠግኑ ግን ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ነው፦ መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ ነት፣ መጨረሻ ሳድል። ይህን ያዛባ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

አንገት። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው 14ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑ። የተወጠረው ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነላችሁ። 7ኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት ሌላ ሰው በወረቀት ይለካላችሁ። ሁለት ሦስት ወረቀት ከገባ ጥሩ ነው። ካርድ ከገባ አንገቱ ጎብጧል። የብረት ክር ጊታር ከሆነ አንገቱ ውስጥ ትራስ ሮድ የሚባል ዘንግ አለው። ማዞሪያው ወይ በድምፅ ቀዳዳው በኩል፣ ወይ ራሱ ላይ ካለችው ትንሽ ሽፋን ስር ነው። በልኩ በሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አጥብቁ። መልሳችሁ ቃኙ፣ ለኩ። በቂ ካልሆነ ነገ ሌላ ሩብ ዙር።

ከከበደ ተዉት! በፒንሳ አትያዙት! አንድ ልጅ "ትንሽ ብቻ" እያለ ሁለት ዙር አዙሮ ዘንጉን በጥሶ አምጥቶልኛል። ያ አንገት አልዳነም። ሽፋኗ በወግ ተመትታ ከስሯ ምንም ዘንግ የሌለበት ጊታርም አጋጥሞኛል። ያን የሠራ ሰው ገዢው እንደማይከፍተው አውቆ ነው የሠራው፣ በጣም ያናድዳል።

ነት። እዚህ ላይ ታገሱኝ፣ ርካሽ ጊታር ላይ ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ ነው። ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እዩ። አንድ ወረቀት ብቻ ማስገባት አለበት። እኔ የማየው ብዙ ጊዜ ካርድ የሚያስገባ ነው። ነቱ ላይ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች በደንብ ሳይሞረዱ፣ እንደነገሩ ተለጥፎ ይመጣል። ጀማሪ ደግሞ የሚውለው 1ኛውና 2ኛው ፍሬት ላይ ነው። በጣም የሚያመው ቦታ ላይ እንዲማር ተፈርዶበታል።

መስመሮቹን የሚያጠልቅ ልዩ ሞረድ ድሬ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለዚህ ከስር ነው የምቀንሰው። ክሮቹን አላሉና ወደ ጎን አድርጉ። ነቱ የተጣበቀበትን ጠርዝ በምላጭ በስሱ አስምሩ፤ አለበለዚያ ቀለሙን ልጦ ይወጣል። ትንሽ እንጨት ደግፋችሁ ከፍሬቶቹ በኩል በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት። ይወጣል። 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርጉ። የነቱን ታች አሥር ጊዜ እኩል ጎትቱ፣ መልሱ፣ ቃኙ፣ ለኩ። እንደገና አሥር ጊዜ። አሰልቺ ነው፣ ግን ነጯ ዱቄት ከመስታወቱ ላይ በተጠረገች ቁጥር ጊታሩ እየለሰለሰ ሲሄድ በጣታችሁ ታውቁታላችሁ። አልፋችሁ ከሄዳችሁና ባዶው ክር መንዘር ከጀመረ፣ ከነቱ ስር ቀጭን ወረቀት አንጥፉበት።

ሳድል። ሆዱ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት (ብሪጁ) ላይ ክሮቹ የሚሻገሩባት ናት። ሒሳቧ እንዲህ ነው፦ 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል ከፈለጋችሁ፣ ከሳድሏ 2 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል። መጀመሪያ በእርሳስ አስምሩ። ከታች ብቻ ቀንሱ። ላይኛው ቅስት አይነካ። ስትጨርሱ ከብሪጁ በላይ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መትረፍ አለበት፤ ካልተረፈ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ደረጃ ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ድንጋይ ላይ አትሞርዱ። አንዱ ደጃፉ ሲሚንቶ ላይ ፍቆት አንድ ጎኑ አልቆ፣ ሌላው ቆሞ አምጥቶልኛል። ጊታሩ ሙሉውን ይነዝር ነበር። አዲስ ሳድል እስኪያገኝ ድረስ ስስ እንጨት ከስር ደግፌ መለስኩለት።

ትናንት ደህና የነበረ ጊታር ዛሬ ክሩ ከተነሳ

ይሄ የድሬ በሽታ ነው። ሙቀት ነው። ጊታር የተያያዘው በኮላ ነው። ኮላ ደግሞ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። የተዘጋ መኪና ውስጥ በእኛ ፀሐይ እዚያ መድረስ ሩቅ አይደለም። የብረት ክሮቹ ደግሞ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ብሪጁን ያለማቋረጥ ይጎትታሉ። ኮላው ሲለሰልስ ብሪጁ ይነሳል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ጊታሩን ከኋላ ወንበሩ ጀርባ አስቀምጦ፣ ቀፊራ አጠገብ አቁሞ ምሳ ገባ። ከተማው ቀትር ላይ ሲዘጋ እሱም አረፈ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ሲመለስ ብሪጁ ከኋላ በኩል ተነስቶ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሳንቲም ያስገባ ነበር። "አቦ ሦስት ሰዓት እኮ ነው!" አለኝ። ሦስት ሰዓት በቂ ነው። የባሰው ግን እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሱፐር ግሉ አፍስሶበታል።

ብሪጅ ላይ ሱፐር ግሉ አታድርጉ። አትጠጉ። ለአንድ ሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ እንጨቱን ይዞ ይነቀላል። ትክክለኛው መንገድ ብሪጁን በጥንቃቄ አንስቶ፣ አሮጌውን ኮላ ጠርጎ፣ በእንጨት ኮላ አጣብቆ፣ በድምፅ ቀዳዳው በኩል በሚገባ መቆንጠጫ አስሮ አንድ ቀን ሙሉ መተው ነው። ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን አንዱን ለሚችል ሰው ስጡ። እስከዚያው ክሮቹን አላሉ።

ማስቀመጫውም ያው ነው። ቁም ሳጥን ላይ አታውጡት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለው አየር ከወለሉ ይልቅ እጅግ ይሞቃል። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። ቀዝቀዝ ያለ ክፍል፣ ወለሉ አጠገብ፣ ቦርሳው ውስጥ ይሁን። ቬንቲሌተር ፊት ለፊት አታቁሙት፣ እንጨቱን ያደርቀዋል። የፍሬቶቹ ጫፍ እጃችሁን መቧጨር ከጀመረ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል ማለት ነው።

ምልክት፦ ናይለን ክር የነበረው ጊታር ሆዱ አብጧል

የብረት ክር አስገብታችሁበታል። የክላሲክ ጊታር የሚሠራው ለናይለን ነው፣ ወደ 40 ኪሎ ለሚሆን ጉተታ። ክር ሲሸጥላቸው "ሁሉም አንድ ነው፣ ይሄ ድምፁ ያምራል" የተባሉ ሦስት ልጆች አውቃለሁ። ሦስቱም ጊታር ተበላሽቷል። ከመግዛታችሁ በፊት እዩ፦ ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ብርሃን የሚያሳልፉ ከሆኑ ናይለን ነው፣ ናይለን ብቻ ግዙ። የብረት ጊታር ያላችሁ ደግሞ ከ12 ይልቅ 10 ወይም 11 ቁጥር ጠይቁ፣ ለጣት ይለሰልሳል።

ምልክት፦ ቅኝት አይዝም

አዲስ ክር ከሆነ ይለጠጣል። አንድ በአንድ በእጃችሁ ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ ቃኙ። መቃኛው ላይ ክሩ ሁለት ሦስት ዙር መጠምጠም አለበት፤ ካነሰ ይንሸራተታል። ስትቃኙ "ጢቅ" እያለ የሚዘል ከሆነ ነቱ ውስጥ ተይዟል፣ መስመሩን በእርሳስ ቀቡት። ከድሬ ተነስታችሁ ደንገጎን አልፋችሁ ሐረር ስትደርሱ ድምፁ ከፍ ብሎ ብታገኙት ምንም አልሆነም፤ ቅዝቃዜው ክሩን ሰብስቦታል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ደርሳችሁ ትንሽ ይረፍ፣ ከዚያ ቃኙት።

ምልክት፦ ኮርዱ ልክ ነው፣ ዘፈኑ ግን አይመስልም

ይሄ የጊታር ብልሽት አይደለም፣ ለብቻ የሚማር ሰው ብልሽት ነው። ቪዲዮው ያስተማራችሁን ባለ አራት ምት አመታት ይዛችሁ ችክችካ ላይ ገብታችኋል። ችክችካ የሚቆጠረው በስድስት ነው፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት። አንድና አራት ላይ ወደ ታች ጠንከር፣ ሌላው ቀለል። ኮርድ ሳትይዙ፣ ክሮቹን በመዳፍ አፍናችሁ፣ ቀኝ እጁን ብቻ አንድ ሳምንት አሠልጥኑት። ለግራው ደግሞ ትዝታን ከሲ ጀምራችሁ ውጡበት፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ከክራር ተጫዋች ጋር ስትቀመጡ የስልካችሁን መቃኛ አፕ ዝጉና በእሱ ድምፅ ተቃኙ። እሱ የተቃኘው በጆሮው ነው፣ ከአፑ ጋር ላይገጥም ይችላል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ይነዝራል፦ ቀጣዩ ፍሬት ከቦታው ተነስቷል።

ባዶው ክር ልክ ነው፣ 12ኛው ላይ ይዛባል፦ መጀመሪያ ክሩን ቀይሩ፣ አርጅቷል።

ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል፦ መቃኛው ላይ ያሉትን ብሎኖች አጥብቁ፣ የተረፈውን የክር ጫፍ ቁረጡ።

ገመድ የሚሰካበት ጊታር ባትሪው በሳምንት ያልቃል፦ ገመዱን ሰክታችሁ ታሳድራላችሁ፤ እንደተሰካ ባትሪው ይሠራል። ንቀሉት።

ጊታሩ ተስተካክሎ፣ ሦስት ካርድ ብቻ እያስገባ፣ የጣት ጫፍ ካመማችሁ ያ የቆዳ መጠንከር ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ጠዋት አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ ሥሩ። ጣታችሁን ከፍሬቱ ብረት ልክ ጀርባ አድርጉት፣ መሐል ላይ አይደለም። የሚያመው አንጓ ከሆነ ግን ያን ቀን አቁሙ፣ ጊታሩንም ጭናችሁ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ወደ ሱቅ ስትሄዱ አምስት ካርድ ኪሳችሁ ይኑር። ሻጩ ፊት ለፊት ቃኝቶ ይስጣችሁ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ለኩ፣ ከዚያ ኤፍን ሞክሩ። አምስት የሚያስገባውን በተመሳሳይ ዋጋ አትውሰዱ።