የሞቃት አገር አበቦችን ከውርጭ በፊት ለዕረፍት ማዘጋጀት

በኢትዮጵያ መስከረም አበባ የሚፈነዳበት ወር ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአጎራባቾቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ግን ያው ወር በመትከያ ዕቃ ያሳደገውን ፕሉሜሪያና ቡጋንቪሊያ የተባሉ የሞቃት አገር አበቦች ለዕረፍት፣ ማለትም በብርዱ ወራት ማደጋቸውን አቁመው ለሚተኙበት ጊዜ፣ የሚያሰናዳበት ነው። ብዙዎች ዝግጅቱ ተክሉ ወደ ቤት በሚገባበት ቀን የሚጀመር ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን ከዚያ በፊት በርካታ ሳምንታት የሚፈልግ መሆኑ ነው።

ከኦገስት መጨረሻ አንሥቶ ማዳበሪያ መስጠት ያቁሙ። በተለይ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ለጋ ቀንበጥ ያስወጣል፤ ለጋው ሳይጠነክር ብርዱ ከደረሰበት በቀላሉ ይበሰብሳል። ውኃውንም ቀስ በቀስ ይቀንሱ። የሌሊቱ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ፣ ውርጭ እስኪታይ ሳይጠብቁ ተክሎቹን ያስገቡ። ከማስገባትዎ በፊት ግን የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ ሁሉ አገላብጠው ይመልከቱ፤ ከውጭ የገባ ክሽክሽ ወይም ቀይ ሸረሪት የሚባል ጥቃቅን ተባይ በሞቀና በደረቀ ቤት ውስጥ በፍጥነት ይራባል።

ፕሉሜሪያ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ታሟል ብለው ውኃ አይጨምሩለት፤ መተኛቱ ነው። ይህን ተክል በብርዱ ወራት ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚገድለው፣ ቅጠል በሌለበት ጊዜ በአዘኔታ የሚጠጣው ውኃ ነው ብል አላጋነንኩም። ሥሩ ሳይሠራ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ግንዱ ከታች ይበሰብሳል። ቦታ ለሚያጥረው ሰው ደግሞ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ፣ አፈሩን አራግፎ፣ ለጥቂት ቀናት ካደረቀው በኋላ ሥሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከ10 ዲግሪ በማይወርድ ምድር ቤት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብርሃን አያስፈልገውም። ግንዱ በመጠኑ ቢጨማደድ አያስጨንቅም። ሲነኩት ለስልሶ የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ውስጡ ንጹሕ ነጭ እስኪሆን ድረስ የበሰበሰውን ቆርጠው ያስወግዱ። ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት መሰል ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት ያድርጉ።

ቡጋንቪሊያ ከዚህ ይልቅ ብርድ ይችላል። ውርጭ በማይገባበት ጋራዥ ሊከርም ይችላል፤ ቅጠሉን ቢያራግፍም ሥሩ ፈጽሞ እንዳይደርቅ በሦስትና በአራት ሳምንት አንዴ ጥቂት ውኃ ይበቃዋል። የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ ዋናውን ግረዛ ብርዱ ሊወጣ ሲል ያድርጉት። የሞቃት አገር ሂቢስከስ ግን ከሁለቱ ጋር ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም፤ እውነተኛ ዕረፍት የሌለው ተክል በመሆኑ ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ሥር ሆኖ፣ ውኃው ተቀንሶለት ይቆያል።

በሜይ አጋማሽ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲጸና፣ ተክሎቹን ወደ ውጭ ያውጡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት በጥላ ሥር፣ ከዚያም ቀስ በቀስ በፀሐይ ያላምዷቸው። ፕሉሜሪያው ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል የመጀመሪያውን በቂ ውኃ ይስጡት።