ለአዲሱ የዘር ወቅት የጓሮ አትክልት ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

የጓሮ አትክልት ወዳጆች አዲስ ወቅት ሲቃረብ መጀመሪያ የሚያነሡት ምን እንደሚዘሩ ነው። እኔ መሬቱ ይቅደም ባይ ነኝ፤ የዘር ምርጫ በኋላም ይደርሳል።

አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ጓሮ ይውጡና መደቦቹን እንዳሉ ይሳሉ። ጠዋት፣ ቀትር ላይና አመሻሽ ላይ እየተመለሱ ፀሐይ የሚያርፍበትንና ጥላ የሚያጠላበትን ምልክት ያድርጉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት የሚቆይ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ሰላጣና ቆስጣ የዚህን ግማሽ ያህል ቢያገኙም አይከፋቸውም። ውሃ የሚያቁረውን ጥግም ሥዕሉ ላይ ያስገቡ። መደብ ገና የሚያወጡ ከሆነ ስፋቱን ከ1.2 ሜትር አያስበልጡ። ከሁለቱም ወገን እጅ መሐሉ ድረስ ከደረሰ አፈሩን መርገጥ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ባለፈው ወቅት በየመደቡ ምን እንደነበረ እዚያው ሥዕል ላይ ይጻፉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን ከዕቅዱ ሁሉ ዋናው ይኸው ነው። አትክልቶች በቤተሰብ ይመደባሉ። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን ዘመዳሞች ናቸው፤ ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመንም እንዲሁ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ አተርና ፎሶሊያም በየራሳቸው ወገን ናቸው። ዘመዳሞች በሽታና ተባይ ስለሚጋሩ፣ ድንች በተነሣበት መደብ ላይ ወዲያው ቲማቲም መትከል ለበሽታው ቀለብ መስፈር ነው። አንድ ቤተሰብ ወደ ቀድሞ መደቡ ከመመለሱ በፊት 3 ዓመት ያህል ቢቆይ ይመረጣል። አተርና ፎሶሊያ በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየሩን ናይትሮጅን ስለሚጠቀሙ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ጎመን ማስከተል ያዋጣል፤ ሥራቸውን ግን ነቅለው አይጣሉ፣ ግንዱን ቆርጠው እዚያው ይበስብስ። ሁለት መደብ ብቻ ላለው ሰው ይህ ሁሉ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ባለፈው ወቅት የታመመውን ቤተሰብ ይዝለሉት፣ ወይም በትልቅ ባልዲ ውስጥ በአዲስ አፈር ይትከሉት፤ የባልዲውን ሥር መብሳት ሳይረሳ።

አሁን ወደ ዘሩ። ከዓምና የተረፈ ካለ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ይፈትኑት። እርጥብ የወረቀት ፎጣ ላይ 10 ፍሬ ይደርድሩ፤ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ከከተቱ በኋላ ሞቅ ባለ ቦታ ያስቀምጡ። ፎሶሊያ በሳምንት ገደማ መልሱን ይሰጣል፤ ቃሪያ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል። 8 ወይም 9 ከበቀሉ ዘሩ ደህና ነው። 5 ብቻ ከበቀሉ እጥፍ አድርገው ይዝሩ፤ ከዚያ ካነሰ ቦታ ባይይዝብዎ ይሻላል። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ እምብዛም አይታመንም፤ የቲማቲም ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ 4 ዓመት ይቆያል።

ዘር ከወዳጅ የሚለዋወጡ ከሆነ የፎሶሊያ፣ የአተር፣ የሰላጣና የቲማቲም ዘር ይምረጡ። እነዚህ በአብዛኛው በራሳቸው ብናኝ ፍሬ ስለሚይዙ ልጁ ወላጁን ይመስላል። ዱባን ግን ንቦች ከሌላ ዓይነት ጋር ስለሚያዳቅሉት ምን እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ከድቅል ዝርያ የተለቀመ ዘርም እንደዚሁ ነው። ዘሩን ሲቀበሉ ልምዱንም አብረው ይቀበሉ። «ቲማቲሙ እንዴት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ደህና ነበር» ከሚል መልስ ሌላ አያገኝም። መቼ እንደተዘራ፣ ምን ያህል ፀሐይ እንዳገኘ፣ ከእርሱ በፊት በመደቡ ላይ ምን እንደነበረና በምን እንደታመመ ይጠይቁ።

የመዝሪያ ቀን የሚወጣው ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። የቲማቲም ችግኝ ወደ መደብ እስኪዛወር ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ ከመትከያው ቀን ያንን ያህል ይቀንሱ። ካሮት ሲዛወር ሥሩ ስለሚጣመም በቀጥታ መደብ ላይ ይዘራል። ሰላጣን በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት በአንድ ጊዜ ደርሶ ከመበላሸት ያድነዋል።

አፈሩን ለማዘጋጀት አይቸኩሉ። ጭብጥ አፈር ጨምቀው በጣት ሲነኩት ካልተፈረፈረ ገና እርጥብ ነውና ይጠብቁ። ሲደርስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ኮምፖስት ያልብሱት። ቤት ውስጥ ያደጉ ችግኞችን ከመትከልዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ጊዜውን እያስረዘሙ ወደ ውጭ ያውጡ፤ በድንገት ፀሐይ ላይ የተተከለ ችግኝ ቅጠሉ ይቃጠላል። ቲማቲምን ከግንዱ ላይ ሥር ስለሚያወጣ ጠለቅ አድርገው ይትከሉት፤ ሰላጣን ግን እምብርቱ አፈር ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

በየመስመሩ ጫፍ ላይ የዝርያውን ስምና ቀኑን የያዘ ምልክት ይትከሉ። በእርሳስ ይጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፀሐይ ላይ ብዙ አይቆይም።