የኤፒአይ ምላሽን ከስቴፕ ወደ ስቴፕ ስታሳልፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀማሪዎች የሠሯቸውን ወርክፍሎዎች (በስቴፕ የተደረደሩ አውቶማቲክ ሥራዎች) ስገመግም እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ሲሞከር ይሠራል። ችግሩ የሚገኘው አንዱ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ መረጃ የሚጠያየቁበት በር) የመለሰው እሴት ወደ ቀጣዩ ስቴፕ በሚገባበት ቦታ ላይ ነው።

ባዶ እሴትን ዝም ብሎ ማሳለፍ

ደጋግሜ አይቼው ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ ይሄ ነው። አንደኛው ስቴፕ ደንበኛን በኢሜይል ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የተገኘውን አይዲ ይዞ ያልተከፈሉ ደረሰኞችን ያመጣል፤ ሦስተኛው ማስታወሻ ይልካል። ደንበኛው ካልተገኘስ? ብዙ መሣሪያዎች የሌለ ፊልድ (የመረጃ መስክ) ሲጠራ ስህተት ብለው አይቆሙም፤ በቦታው ባዶ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ይተካሉ። ማጣሪያው ባዶ ሆኖ ይሄዳል። አንዳንድ ኤፒአዮች ደግሞ ባዶ ማጣሪያን እንዳልተላከ ቆጥረው መዝገቡን በሙሉ ይመልሳሉ። በቅርብ የማውቀው አንድ ቡድን ላይ የደረሰው ይኸው ነው፦ ለአንድ ሰው የታሰበው የክፍያ ማስታወሻ ውዝፍ ላለባቸው ደንበኞች ሁሉ ሄደ። ሎጉ (የሥራው መዝገብ) ላይ ስቴፖቹ በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ። መልእክት ሲሆን ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል፤ ሦስተኛው ስቴፕ የሚሰርዝ ቢሆን ኖሮስ?

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ የምትፈልጉት እሴት መኖሩን የሚያረጋግጥ ሁኔታ አስገቡ፤ ከሌለ ወርክፍሎው እዚያው ይቁም። እባካችሁ ክፍተቱን በዲፎልት (ቀድሞ በተቀመጠ) እሴት አትሸፍኑት። ነል («እሴት የለም» የሚል ምልክት)፣ ባዶ ስትሪንግ፣ ዜሮ እና ጭራሹን የሌለ ፊልድ አራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ያዙ። ቀሪ ሂሳብ ዜሮ ነው ማለት ትክክለኛ መልስ ነው፤ «ባዶ ነው» ብሎ የሚጥለው ሁኔታ ተሳስቷል።

200 ሲመጣ ተሳክቷል ብሎ ማለፍ

200 «ተሳክቷል» የሚል የምላሽ ኮድ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አትመኑት። ግራፍኪውኤል (አንድ የኤፒአይ መጠየቂያ ቋንቋ) ስህተቱን በ200 ምላሽ ውስጥ «ኤረርስ» በሚል ፊልድ መላኩ የተለመደ ነው። 202 ደግሞ «ጥያቄህን ተቀብያለሁ፣ ገና አልጨረስኩም» ማለት ነው፤ ውጤቱን ወዲያው ብትፈልጉ አታገኙትም። 204 ከነጭራሹ ይዘት የለውም።

ረጅም አይዲን እንደ ቁጥር መያዝ

የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫስክሪፕት በተለመደው የቁጥር ዓይነቱ ሙሉ ቁጥርን ያለ ስህተት የሚይዘው እስከ 9007199254740991 ነው። 9007199254740993 የሆነ አይዲ ብታስገቡ 9007199254740992 ሆኖ ይወጣል፤ ያ ደግሞ የሌላ ሰው መዝገብ ሊሆን ይችላል። ትዊተር በ2010 አይዲዎቹን በስትሪንግ መልክም መላክ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። አይዲ አይደመር፣ አይባዛ፤ ሁልጊዜ ስትሪንግ ይሁን። በዜሮ የሚጀምር ስልክ ቁጥርም እንዲሁ።

ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን መውሰድ

በሙከራ ጊዜ አንድ ውጤት ብቻ ስለነበረ ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ካልጠየቃችሁ ነገ መጀመሪያ የሚመጣው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ገጽ እንዳለም ተመልከቱ።

ጄሰንን በጥቅስ ምልክት እየሰፉ መሥራት

እሴቱን ጽሑፍ መሀል ስትሰኩት ደንበኛው በአስተያየቱ ውስጥ የጥቅስ ምልክት ወይም አዲስ መስመር የጻፈ ቀን ጄሰኑ (መረጃው የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ይፈርሳል። ኦብጀክቱን ሠርታችሁ ወደ ጄሰን የመቀየሩን ሥራ ለመሣሪያው ተዉለት። ዩአርኤል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ኢንኮድ ይደረግ (ልዩ ምልክቶቹ ለዩአርኤል ወደሚስማማ ኮድ ይቀየሩ)፤ ካልሆነ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ያለው የመደመር ምልክት እዚያኛው ወገን ሲደርስ ክፍት ቦታ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

አዲስ መዝገብ የሚፈጥር ጥሪን ሳያስቡ መድገም

ምላሹ ዘግይቶ ታይምአውት ሆነ (የመጠበቂያ ጊዜው አለፈ) ማለት ትዕዛዙ አልተመዘገበም ማለት አይደለም። ኤፒአዩ የአይደምፖተንሲ ቁልፍ (ጥያቄው ቢደገምም አንዴ ብቻ እንዲፈጸም የሚያደርግ መለያ) የሚቀበል ከሆነ ቁልፉን ከመጀመሪያው ሙከራ በፊት አውጡና በድጋሚው ጥሪም ያንኑ ላኩ። በየሙከራው አዲስ ቁልፍ የሚያወጣ ወርክፍሎው ደንበኛውን ሁለቴ ሊያስከፍል ይችላል።

ቶክንን እንደ ተራ እሴት ማየት

ከሎግኢን ስቴፕ የመጣ ቶክን (ኤፒአዩን ለመጥራት የሚያስችል የይለፍ ኮድ) የሚያበቃበት ሰዓት አለው፤ ብዙ ጊዜ 3600 ሰከንድ። ረጅም ሉፕ ያለው ወርክፍሎው መሀል ላይ ይቋረጣል፤ ስለዚህ የማብቂያ ጊዜውንም ከቶክኑ ጋር አብራችሁ አሳልፉ። ስቴፑ ውጤቱን ሎግ ላይ እንዳይጽፍም ዝጉት። አንዴ ከታየ ግን ሎጉን ማጥፋት አይበቃም፤ ቶክኑን ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ።