«ሰረቀ» የሚል ፍንጭ ሲገጥማችሁ፦ የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ አፈታት

አማርኛ ለሌብነት ቃል አያጥረውም። የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ ለሚፈታ ሰው ራስ ምታቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። «ሰረቀ» ወይም «ሌባ» የሚል ፍንጭ ሲመጣ መልሱ አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ትዝ ያለውን ቃል በእስክሪብቶ ይሞላና ዙሪያውን ያበላሻል። እኔ የምመክረው ከትርጉሙ በፊት የቃሉን ቅርጽ ማየት ነው።

ጨዋታው የተወለደው በእንግሊዝኛ ነው። አርተር ዊን የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ አወጣው። እዚያ አንድ ሳጥን የሚይዘው አንድ ተነባቢ ወይም አንድ አናባቢ ብቻ ነው። የኛ ሳጥን ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ከሌላ ቃል ተሻግራ የመጣች አንዲት ፊደል ብዙ ትናገራለች። ይህን ዕድል አለመጠቀም ያስቆጫል።

1. ሳጥኖቹን ቁጠሩ

አንድ ፊደል አንድ ሳጥን ነው። ሲነገር የሚጠብቅ ድምፅ ተጨማሪ ሳጥን አይወስድም። «ቀማ» ሁለት ሳጥን ነው፤ የተሰጠው የሰው ገንዘብ ከሆነ «በላ»ም ሁለት ነው። ሦስት ከሆነ «ዘረፈ» ወይም «ነጠቀ»ን ያዙ። አራት ከሆነ «ሞጨለፈ»፣ «መነተፈ»፣ «መዘበረ»፣ «በዘበዘ» ይሰለፋሉ። ሁለት ቃል የሆነ መልስ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍተት ይጻፋል። «ማጅራት መቺ» ለምሳሌ ስድስት ሳጥን ይሞላል።

2. ፍንጩ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ለዩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፍንጩ «ሰረቀ» ከሆነ መልሱም ያለፈ ድርጊት፣ እሱ የሚል መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ግስ አብዛኛውን ጊዜ በግዕዝ ፊደል ያልቃል፦ ዘረፈ፣ ነጠቀ፣ መዘበረ። እንደ «ቀማ» እና «በላ» ያሉት ደግሞ በራብዕ ያልቃሉ። እንግዲህ በመጨረሻው ሳጥን ላይ ሳድስ ፊደል፣ ለምሳሌ «ት»፣ ከመጣላችሁ ወይ ተሻጋሪው ቃል ተሳስቷል፣ ወይ ፍንጩን አጣማችሁ አንብባችኋል።

ፍንጩ «ሌባ» ከሆነ አድራጊውን ነው የሚጠይቃችሁ። መጨረሻው ሣልስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፦ ዘራፊ፣ ነጣቂ፣ ሞጭላፊ፣ መንታፊ፣ ቤት የሚሰረስር ከሆነ ሰርሳሪ። ካልሆነ በ«ኛ» ያልቃል፦ ቀማኛ፣ ሙሰኛ። «ወንበዴ» እና «ሽፍታ» ከዚህ ሥርዓት ይወጣሉ። ከመጨረሻው በፊት ያለውንም ሳጥን ተመልከቱ። በዘራፊ ላይ «ራ»፣ በመንታፊ ላይ «ታ»፣ በሰርሳሪ ላይ «ሳ» አለ። ሁሉም ራብዕ ናቸው። ራብዕ ከዚያም ሣልስ ካያችሁ፣ ሥሩን ባታውቁት እንኳ አድራጊውን እየተጠየቃችሁ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ፍንጩ «ስርቆት» ሲሆን ደግሞ ስሙን ይፈልጋል። ሌብነት፣ ዝርፊያ፣ ምዝበራ፣ ንጥቂያ ሁሉም አራት አራት ሳጥን ናቸው። ቅሚያ እና ሙስና ሦስት፣ ውንብድና አምስት።

ብዙ ቁጥርን አትርሱ። «ሌቦች» ከተባለ መልሱ «ዘራፊዎች» እንጂ «ዘራፊ» ሊሆን አይችልም።

3. የምትለየዋን ሳጥን ፈልጉ

አራት ሳጥን፣ ፍንጩ «ሌባ»፣ መጨረሻው «ፊ» ነው እንበል። ሞጭላፊ ወይስ መንታፊ? የመጨረሻዋ ሳጥን ለሁለቱም አንድ ስለሆነች አትጠቅምም። ከፊት ካሉት ሦስቱ አንዷን የሚያቋርጠውን ቃል ቀድማችሁ ፍቱ፤ አንዷ ብቻ ትበቃለች። «ሰረቀ» ተብሎ አራት ሳጥን ሲሰጣችሁ ግን የመጀመሪያዋ «መ» ብትሆን አትደሰቱ። «መነተፈ»ም «መዘበረ»ም በ«መ» ይጀምራሉ። ሁለተኛዋን ጠብቁ።

4. አሁን ትርጉሙን መዝኑ

ቅርጹ ሁለት ቃል ካስቀረላችሁ የፍንጩ አነጋገር ይለያቸዋል። ሞጨለፈ ትንሽ ነገርን ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያይ ነው። መነተፈ ስልክ ከእጅ ላይ ነጥቆ የሚሮጠውን ይመስላል። መዘበረ የመንግሥትና የሕዝብ ገንዘብን ይወዳል። ቀማ ፊት ለፊት፣ በጉልበት ነው። ሕጉም ይህን ይለያል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆት አንቀጽ 665 ላይ፣ ውንብድና ደግሞ አንቀጽ 670 ላይ ነው፤ ውንብድና የሚያሰኘው ኃይል ወይም ዛቻ መጨመሩ ነው። ስለዚህ ፍንጩ «በኃይል» ካለ ወደ ቅሚያና ውንብድና ሂዱ። «የተሰጠውን አደራ በላ» ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሕጉ «እምነት ማጉደል» ይለዋል።

5. የድሮውንና የመጽሐፉን ቃል አስታውሱ

አዘጋጆች ሲጨክኑ ወደ ታሪክ ይሄዳሉ። «ድሮ ሌባ የሚታወቅበት ዘዴ» ከተባለ አራት ሳጥኑ «ሌባሻይ» ነው። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ እንደተበደለ ሳስብ ያመኛል። «ሌባን ለማውጣት የአገሬው ስብሰባ» ሲሆን ግን ተጠንቀቁ። አውጫጭኝ አምስት ሳጥን ነው፤ አፈርሳታም አምስት ነው፤ ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ። ሁለተኛው ሳጥን «ው» ወይም «ፈ» እስኪሆን ምንም አትጻፉ።

ከመጽሐፍ ቅዱስ በርባን አራት ሳጥን ነው፤ የዮሐንስ ወንጌል ወንበዴ ይለዋል። ይሁዳ ሦስት ነው፤ ያው ወንጌል ከረጢቱን ይይዝ የነበረ ሌባ ይለዋል። «በቀኝ የተሰቀለው» ከተባለ «ፈያታዊ ዘየማን»ን አስቡ። ተረትና ምሳሌም ይመጣል። «ሌባ እናት ልጇን ———» አምስት ሳጥን ከሆነ «አታምንም» ነው።

6. ወጥመዶቹን እወቁ

ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሲምታቱ አትደንግጡ። ብዙ አዘጋጅ አይለያቸውም። ጠንቃቃ አዘጋጅ ከገጠማችሁ ግን «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ከተጻፈ ግዕዙ ነው፤ ትርጉሙ ወጣ ማለት ነው፣ እንደ ፀሐይ። ምሥራቅም ከዚያው የመጣ ነው። እዚያ ላይ «ዘረፈ» ብትሞሉ ሙሉውን ማዕዘን ታጣላችሁ።

ፍንጩ መጨረሻ ላይ «ሲገለበጥ» የሚል ካለ ደግሞ የፍንጩን ቃል ከኋላ ወደ ፊት ጻፉ። «ሌባ ሲገለበጥ» ተብሎ ሁለት ሳጥን ከተሰጣችሁ መልሱ ባሌ ነው።