የጠፋ አባትን ፍለጋ የሚተርክ የቤተሰብ ፊልም በጅማ ምድር እንዴት ይጻፋል?

ልጆችና አያቶች አብረው ተቀምጠው የሚያዩት የድሮው ዓይነት የጀብዱ ፊልም ድርሰት መጀመር ያለበት ከፍንጩ ነው። ፍንጩ ሙሉ ከሆነ ፍለጋ አይኖርም፤ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ልጆቹ የሚሄዱበት አቅጣጫ ያጣሉ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ዋልት ዲዝኒ በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ፊልም የለወጠው የጁል ቬርን ልቦለድ «የካፒቴን ግራንት ልጆች» ነው። በልቦለዱ ከሻርክ ሆድ በወጣ ጠርሙስ ውስጥ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ መልእክት ይገኛል፤ ነገር ግን ወረቀቱን የባሕር ውሃ ስለበላው የቦታው ኬንትሮስ ጠፍቶ ኬክሮሱ ብቻ፣ ማለትም 37 ዲግሪ ደቡብ፣ ይነበባል። ፈላጊዎቹ ያቺን አንድ መስመር ይዘው ደቡብ አሜሪካን፣ አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን ያዳርሳሉ።

ታሪኩን ጅማ ላይ ለማቆም ባሕር አያስፈልግም፤ በጅማና በከፋ መካከል አልፎ ወደ ኦሞ የሚወርደው የጎጀብ ወንዝ የዚያን መስመር ሥራ ሊሠራ ይችላል። ዘመኑ 1950ዎቹ፣ አባትየውም ቡና በበቅሎ የሚያመላልስ ነጋዴ ይሁን። ከየት እንደተጫነ ያልታወቀ ጆንያ መጋዘን ውስጥ ሲራገፍ ከፍሬው መካከል የተጣጠፈ ወረቀት ይውደቅ፤ ርጥበት ቀለሙን ስላፈሰሰው «ጎጀብን ተሻግሬ» የሚለው ብቻ ይነበብ፤ የመሻገሪያው ስም የተጻፈበት ጠርዝ ተቀዶ የቀረ ይሁን። ልጆቹ አባታቸው ወደ ከፋ ሲሄድ የጻፈው መስሏቸው ወንዙን ይሻገራሉ፤ ሰውየው ግን የጻፈው ሲመለስ ነበር፣ ያለውም ከወንዙ ወዲህ ነው። የፊልሙ ግማሽ በዚህ አንድ ስሕተት ላይ ሊቆም ይችላል።

ስሕተቱን የሚያርመው ልጅ መሆን አለበት። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ አጎት ወይም ፖሊስ ያስገቡና ልጆቹን ተሸካሚ ያደርጓቸዋል። አብሯቸው የሚጓዝ አዋቂ ካስፈለገ ብዙ የሚያውቅ፣ ግን ዘወትር በልበ ሙሉነት የሚሳሳት ጡረተኛ መምህር ይሻላል። «የኔታ፣ ይኼ ‹ተሻግሬ› የመመለሻው ቢሆንስ?» ብላ ትንሿ ልጅ ስትጠይቀው፣ ቀና ብሎ ሊገሥጻት ከጀመረ በኋላ ዝም ይበል።

እንቅፋቶቹ ከቦታውና ከወቅቱ ይምጡ። ፍለጋው ነሐሴ ላይ ከሆነ የሞላ ወንዝ፣ የሚያዳልጥ ጭቃና በጅማ አቅራቢያ ባለው፣ «በለጠ» በሚባለው ጫካ ውስጥ የሚወርድ ጉም በቂ አደጋ ናቸው፤ ጉሬዛዎች በቅርንጫፍ ላይ ሲዘሉ ደግሞ ለሕፃናቱ ተመልካቾች እፎይታ ይሰጣሉ። ነገር ግን በነሐሴ ዛፉ ላይ ቀይ ቡና ማሳየት አይቻልም፤ ለቀማው በጥቅምትና በኅዳር ነውና የጅማ ተመልካች ወዲያው ይስቃል። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ለዓይን ስለሚያምር ብቻ መግባት የለበትም፤ የሚገባ ከሆነ ልጆቹ አባታቸውን የሚያውቅ ሽማግሌ የሚያገኙት እዚያ ደጃፍ ይሁን። በገጠሩ ክፍል ሰዎቹ ኦሮምኛ ይናገሩ፣ የአማርኛው ትርጉም ከሥር ይጻፍ።

ክፉ ሰው አስፈላጊ ነው፤ ግን ክፋቱ ከንግግር ዘዬው ወይም ከትውልድ ቦታው እንዲታወቅ ማድረግ ርካሽ ጽሑፍ ነው። የአባትየው ዕዳ ያለበትና «መንገዱን አሳያችኋለሁ» ብሎ የሚከተላቸው ደላላ ይበቃል። ደም መፍሰስ አያስፈልግም። የቬርን ተጓዦች በጎርፍ ተከበው ግዙፍ ዛፍ ላይ ሲያድሩ እራታቸውን ይበላሉ፤ በዚህ ዓይነት ፊልም ከአደጋው ቀጥሎ ቆሎ የሚዘገንበት ትዕይንት ካልመጣ ትንንሾቹ ይደክማሉ።

መገናኘቱን በተመለከተ ከዚያው ልቦለድ የሚወሰድ አንድ ብልኃት አለ፤ ልጆቹ የአባታቸውን ፊት ከማየታቸው በፊት በሌሊት ድምፁን ከወዲያ ማዶ ይሰማሉ። በእኛ ድርሰት እግሩ የተሰበረው አባት የንብ ቀፎ ከሚሰቅል ገበሬ ቤት ተኝቶ በቅሎውን በስሟ ሲጣራ ይሰማ። ለምን እንደቀረ የሚያስረዳው ንግግር ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ እቅፉ እንዳለቀ ትዕይንቱ ይቆረጥ። አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚሆን ጠቅላላው ከ100 ገጽ ባያልፍ ይመረጣል። ረቂቁ ሲያልቅ ለሰፈር ልጆች ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ ወሬ የጀመሩበት ገጽ ላይ ምልክት ተደርጎ ከዚያ ይታረም።